ከምጽዋ መርከብ እስከ ምድር ባቡር

እኔ የሞጆ ልጅ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በልውውጥ ፕሮግራም አንድ ሴሚስተር በርሊን ተምሬ ተመልሻለሁ። አምስት ወር ብቻ! ያውም የመመለሻ ትኬት በእጄ፣ የእናቴ ድርቆሽና በርበሬ በሻንጣዬ ሆኖ። እንዲያም ሆኖ ብርዱና ብቸኝነቱ ሲበረታብኝ አንድ ሰው አስብ ነበር። ለዚህ መጽሔት ስለ አንድ ቀደምት ሰው ጻፍ ስባልም ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ።

የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አውራጃ ነው። አባታቸው ከአጤ ዮሐንስ ጋር ዘምተው መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ሰሞን ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱን በሽታ፣ ሰውን ረሃብ ጨረሰው። ብላቴናው ወደ ባሕሩ ወርደው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተጠጉ። ታዲያ አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር መርከብ ለማየት ምጽዋ ወረዱና በዚያው ከመርከቡ ጋር ሄዱ። ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። ፓስፖርት የለ፣ የአደራ ደብዳቤ የለ፣ እዚያ ማዶ የሚቀበል ዘመድ የለ። እኔ ቪዛ ለማግኘት ያመላለስኩትን ወረቀት ሳስታውስ እስቃለሁ።

የመርከቡ ካፒቴን ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ አሳደጓቸው፣ አስተማሯቸው። ጀርመንኛን አቀላጥፈው በርሊን ሕክምና እስከ መማር ደረሱ። መቅረት ይችሉ ነበር። ተመለሱ።

በአጤ ምኒልክ ዘንድ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው ሠሩ። ንጉሡ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ግን ቦታው አልተመቻቸውም፤ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1904 ዓ.ም. አስመራ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የዚያን ዘመን ሰው ይጽፈዋል ተብሎ የማይጠበቅ ነው። ውዳሴ አይደለማ! የመንግሥት ንብረት ከንጉሡ ንብረት ይለይ፣ ግብሩ በልክና በገንዘብ ይሁን፣ ሕግ ይጻፍ፣ ትምህርት ይስፋፋ፣ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ ይላሉ። ለአርአያነት የሚያነሷት አገር ደግሞ ያደጉባትን ኦስትሪያን ሳይሆን ጃፓንን ነው።

ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ አገር ከገቡ በኋላ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ፤ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴውና የቀረጡ አለቃ። ሐዲዱ ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡር መጣ ሲባል ሁሉም ሲደሰት፣ እርሳቸው ምን ጭኖ እንደሚወጣና ምን ጭኖ እንደሚገባ ነበር የሚጠይቁት። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከዚህ ጥያቄ ጋር ይታገላል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ፣ በጥቂት ቀን የሠራውን ዕቃ ሰጥቶ የሌላውን የብዙ ቀን ድካም ይወስዳል ነው ነገሩ።

ይህን ስታነቡ ለእናንተ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ለእኔ የአባቴ ታሪክ ነው። አባቴ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ ሽታው ከልብሱ አይለቅም ነበር። በርሊን አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የቆዳ ጫማ አይቼ፣ ዋጋው የእሱ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን ብርዱ ውስጥ ቆሜ አሰላሁ። ማታ የመጽሐፉን ፎቶ ኮፒ አውጥቼ ያንኑ ምዕራፍ ደገምኩት።

በሁሉም እስማማለሁ ማለት አይደለም። ድህነትን አብዝተው ወደ ዕውቀት ማጣት ሲመልሱት፣ አባቴማ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር እያልኩ እከራከራቸዋለሁ።

ነጋድራስ ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላቸውም። መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ስለሆነ እርሳቸው አላዩትም።

ዛሬ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ። እናቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር በአጥሩ በኩል አልፋለሁ፤ ኮንቴይነሩ ተደራርቦ ፎቅ አክሏል። ሞልቶ የመጣው ምን ይዞ ይመለስ ይሆን እላለሁ።

የልውውጥ ፕሮግራሙን የምትመሩ መምህራን፣ ዘንድሮ የሚሄዱ ልጆች ካሉ ፎቶ ኮፒዬን አውሳቸዋለሁ። ዳሩ ብዙ ተሰምሮበታል፣ አንድ ሁለት ገጹም በርበሬ ነክቶታል። መመለሱን ብቻ አደራ።