ከእርሻ ማሳ እስከ ችሎት፤ ጠበቃው አብርሃም ሊንከን

አብርሃም ሊንከን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው 16ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆኑንና የባሪያዎችን ነፃነት ማወጁን ነው። በፕሬዚዳንትነት የቆየው ግን ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት 24 ዓመት ገደማ እንጀራው ጥብቅና ነበር። በዚህ የበዓል እትማችን ስለ ጠበቃው ሊንከን ጥቂት ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊንከን በ1809 በኬንታኪ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። አባቱን እያገዘ ደን መነጠረ፣ አጥር አጠረ፣ አረሰ። የእርሻ ሥራን ግን አልወደደውም፤ ይህን ለገበሬ መጽሔት መጻፍ ባያስደስትም እውነቱ ይኸው ነው። ያም ሆኖ በ1862 የአሜሪካን የግብርና መሥሪያ ቤት ያቋቋመውንና ለግብርና ኮሌጆች መመሥረቻ መሬት የሰጠውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው።

ኒው ሳሌም በምትባል የኢሊኖይ መንደር ሱቅ ከፍቶ ከሰረ፤ ፖስታ ቤት ሠራ፤ መሬት ቀያሽም ሆነ። በዚሁ መሐል መጻሕፍት እየተዋሰ ሕግን ለብቻው አጠና። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘና በዓመቱ ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ገባ።

በዚያ ዘመን ዳኛውና ጠበቆቹ አብረው በፈረስና በጋሪ ከአውራጃ አውራጃ ይዞሩ ነበር። ሊንከን የሚሠራበት ተዘዋዋሪ ችሎት እስከ 14 አውራጃ የሚሸፍንበት ጊዜ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከሁለት ወር በላይ ይዞራል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በየማደሪያው አንድ አልጋ ለሁለት ጠበቃ ይደርሳል። ሌሎቹ ቅዳሜ ሲደርስ ወደየቤታቸው ሲገሰግሱ እሱ እዚያው ይቀር ነበር። ሙግቱንና ጨዋታውን ይወድ ነበርና። የአባቶቻችንን በላ ልበልሃ የሰማ ሰው ይህ ፍቅር አይደንቀውም። ከብት፣ ድንበር፣ ብድር፣ ስም ማጥፋት፣ የመጣውን ሁሉ ይዞ ይቆማል። ቢሆንም ባለጉዳዮች ከመካሰስ ቢታረቁ እንደሚሻላቸው በጽሑፉ አስፍሯል።

ሥራው ሁሉ የሚያኮራ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1847 አንዲትን እናትና ልጆቿን በባርነት ለማስመለስ ለሚከራከር ባለርስት ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ተሸነፈ፤ ቤተሰቡም ነፃ ወጣ።

ከሙግቶቹ ሁሉ ስሙ የሚነሣው የ1858ቱ ነው። ወይዘሮ ሐና አርምስትሮንግ በኒው ሳሌም ሳለ ያበሉት፣ ልብሱን የጣፉለት ሴት ነበሩ። በእቅፉ ያባበለው ልጃቸው ደፍ አድጎ በሌሊት ጠብ ሰው ገድለሃል ተብሎ ታሰረ። በዚሁ ነገር የተከሰሰ ሌላ ሰው አስቀድሞ ስምንት ዓመት ተፈርዶበታል። እናቲቱ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሊንከን ጉዳዩን ያለ ክፍያ ያዘ።

ዋናው ምስክር 45 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ በደማቅ ጨረቃ ደፍ ሲመታ አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ሊንከን አልተቆጣም፤ አላፋጠጠም። እንዴት አየህ እያለ ጨረቃዋ ከላይ እንደነበረች ደጋግሞ አስነገረው። ቃሉ በደንብ ከተመዘገበ በኋላ የጨረቃን መውጫና መግቢያ የያዘ አልማናክ አወጣ። በተባለው ሰዓት ጨረቃዋ ዝቅ ብላ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች ደፍን በነፃ አሰናበቱት።

በ1861 ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ፣ የሥራ ባልደረባው ዊልያም ሄርንደን የሁለቱ ስም ያለበትን ታፔላ እንዳያወርደው ለመነው። በሕይወት ከተመለሰ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ጥብቅናቸውን እንደሚቀጥሉ ነገረው። በ1865 ሚያዝያ በጥይት ተመታ። ወደ ስፕሪንግፊልድ የተመለሰው አስከሬኑ ነው።