የዱር ወዳጅ የጆን ሚዩር አጭር የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለተማሪ ብዙ ጥቅም አለው። አንዳንዶቹ አገር በማቅናት፣ ሌሎቹም መድኃኒት በማግኘት ስማቸው ሲነሣ ይኖራል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ጆን ሚዩር ግን የሚታወሰው ዛፍና አውሬ፣ ተራራና ወንዝ እንዳይጠፉ በመከራከሩ ነው። የተከራከረውም በብዕሩ ብቻ ሳይሆን ሰዎችን ወደ ዱር እየወሰደ በማሳደር ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ሚዩር አፕሪል 21 ቀን 1838 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ደንባር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በ1849 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዊስከንሲን ጫካ መንጥሮ እርሻ ጀመረ። አባቱ እጅግ ጥብቅ ሰው ስለ ነበሩ ልጁ ቀኑን ሙሉ በእርሻ ሥራ ይደክም ነበር። ለንባብና ለእጅ ሥራ ጊዜ ያገኝ የነበረው ገና ሌሊት ሳለ በመነሣት ነው። በዚያም ሰዓት እንጨት እየጠረበ ሰዓት ሠራ፤ የተኛውን ሰው በተወሰነው ጊዜ ገልብጦ የሚያነሣ አልጋም ሠራ። ኋላም ዊስከንሲን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማረ፤ ነገር ግን ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ።

በ1867 በአንድ ፋብሪካ ሲሠራ ሞረድ ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ግራ ዓይኑም አብሮ ስለ ደከመ ለጥቂት ሳምንታት በጨለማ ክፍል ተኛ። ብርሃኑ ሲመለስለት ዕድሜውን በፋብሪካ ሳይሆን የተፈጥሮን ሥራ በማየት ለማሳለፍ ቈረጠ። በዚያው ዓመት አንድ ሺህ ማይል ያህል በእግሩ ተጉዞ ፍሎሪዳ ደረሰ፤ በ1868 ደግሞ ካሊፎርኒያ ገባ።

በካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል ዮሰሚቲ የሚባል ሸለቆ አለ። ሚዩር በ1869 ክረምት ከበግ መንጋ ጋር ወደነዚያ ተራሮች ወጥቶ መንጋው የሜዳውን አበባና ችግኝ እንዴት እንደሚያጠፋ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በሸለቆው ጎጆ ሠርቶ ተቀመጠ። ጥቂት ዳቦና ሻይ ብቻ ይዞ በየገደሉ ያድር ነበር። በፏፏቴ ሥር እየጠለቀች ምግቧን የምትለቅመውን ትንሽ ወፍ ሳይቀር በትዕግሥት አጠና። ሸለቆውን የቈፈረው የበረዶ ግግር ነው ሲል የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። እርሱ ግን በ1871 በተራሮቹ ላይ ገና የሚንቀሳቀስ የበረዶ ግግር አገኘ። የኋላ ተመራማሪዎችም ሐሳቡን በዋናው ነገር ትክክል ሆኖ አግኝተውታል።

በ1889 ሮበርት አንደርዉድ ጆንሰን የተባለውን የመጽሔት አዘጋጅ ወደ ተራራው ይዞ ወጣ። በእሳት ዙሪያ ከተማከሩ በኋላ ሚዩር ስለ ዮሰሚቲ ጻፈ፤ በ1890ም በሸለቆው ዙሪያ ያለው አገር በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1892 ሴራ ክለብ የተባለው ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሱ ነበር። ይህ ማኅበር ከ1901 ጀምሮ ብዙ ሰዎችን ወደ ተራራው እየወሰደ በድንኳን ያሳድር ጀመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ1903ቱ ጉዞ ነው። በግንቦት ወር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ለክብራቸው የተዘጋጀውን ግብዣ ትተው ከሚዩር ጋር ሦስት ሌሊት በዱር አደሩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሴኮያ ከሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ሥር ተኙ፤ በሁለተኛው ሌሊት በረዶ ዘነበባቸው። ሚዩርም ሸለቆው ራሱ በማዕከላዊው መንግሥት እንዲጠበቅ ለመነ፤ ይህም በ1906 ተፈጸመ።

ይሁን እንጂ ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። ከእርሱ አስቀድሞ በዮሰሚቲ ይኖሩ የነበሩት ነባር ሰዎች በ1851 በታጠቁ ወታደሮች ከአገራቸው ተባርረው ነበር። የቦታውን ውበት ስናደንቅ እነርሱንም ማሰብ ይገባናል።

የሚዩር የመጨረሻ ትግል በድል አልተፈጸመም። በፓርኩ ውስጥ ሄች ሄቺ የሚባል ሌላ ሸለቆ ነበረ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለመጠጥ ውሃ ሊገድበው ፈለገ። ሚዩር ለዓመታት ቢከራከርም በ1913 ፈቃዱ ተሰጠ። እርሱም በዓመቱ ዲሴምበር 24 ቀን 1914 በሎስ አንጀለስ በሳንባ ምች ሞተ። ሄች ሄቺን ያዩት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ያላዩትን ነገር ደግሞ የሚሟገትለት አይገኝም። በ1920 በዮሰሚቲ ጎብኚዎችን ስለ ዕፅዋቱና ስለ አራዊቱ የሚያስተምሩ መሪዎች በይፋ ሥራ ጀመሩ።

ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው። በአገራችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሲቋቋም ዋሊያና ጭላዳ በሕግ ጥላ ሥር ገብተዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዋሊያን የምናውቀው በሥዕል ነው። ስለዚህ መምህራኖቻችን እየመሩን፣ ወላጆቻችንም እየፈቀዱልን፣ ደብተራችንን ይዘን ወደ ዱር እንውጣ፤ አንድ ሌሊትም ቢሆን በድንኳን እንደር። ዓይናችን ያየውን ነገ ለመጠበቅ እንተጋለን።