እቴጌ ጣይቱና የቤተ ዘመዳቸው ነገር

ከዘንገና ሐይቅ ተነሥቶ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የገባ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጨምር ደብረ መዊን ያገኛል። ከአገው ምድር እምብዛም የማይርቀው ይህ ደብር እቴጌ ጣይቱ ብጡል አባታቸው ከሞቱ በኋላ በልጅነታቸው የተጠጉበት ነው። ተማሪዎቻችን እቴጌይቱን የሚያውቋቸው በውጫሌ ውል ክርክርና በአድዋ ጦርነት ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን የትውልዳቸውንና የዘመዶቻቸውን ነገር ነው፤ ይህ ካልታወቀ እንዴት እንደ ከበሩም፥ እንዴት እንደ ወደቁም መረዳት ያስቸግራልና።

ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ. ም. ገደማ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። በአያታቸው በወይዘሮ ሂሩት በኩል ደግሞ ዘራቸው ከየጁው ከራስ ጉግሣ ይመዘዛል። እንዲህ ያለ የትልቅ ቤት ልጅ ቢሆኑም፥ ነፍስ ያወቁት ያ ቤት ከወደቀ በኋላ ነው። በየካቲት 1847 ዓ. ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። አሸናፊው ካሣ ኃይሉ፥ ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች ወስደውት በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ. ም. በባዕድ አገር የሞተው። እንግዲህ የዚያ ወላጅ አልባ ልጅ እናትና ጣይቱ የወንድማማች ልጆች መሆናቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ጣይቱ ወደ ምኒልክ ቤት ከመግባታቸው በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው። ከነዚህም አንዱ ቀኛዝማች ዝቃርጋቸው፥ የምኒልክ የቀድሞ ባለቤት የወይዘሮ ባፈና ወንድም ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ነውር አድርገው በሹክሹክታ ያነሡታል፤ እኛ ግን ምኑ እንደሚያሳፍር አይገባንም። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ የምትዳረው እንደ ልቧ ሳይሆን እንደ ጊዜው ኃይል ነበረና። በመጨረሻ በ1875 ዓ. ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ቆረቡ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፥ እሳቸውም በሁለተኛው ቀን የእቴጌነትን ዘውድ ጫኑ።

በ1888 ዓ. ም. በመቀሌ የጣሊያንን ምሽግ ውሃ ያስያዙት እሳቸው መሆናቸውንና በአድዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው መሰለፋቸውን አንባቢ ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ልጅ ያልወለደች እቴጌ፥ ባል ሲያልፍ የእሷም ነገር አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ጣይቱ በማሕፀናቸው ያላገኙትን ቤት በወንድማቸው በራስ ወሌ ብጡል ልጆች ሊሠሩት ተነሡ። የወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገባ። የወሌ ልጅ ወይዘሮ ከፋይ ደግሞ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ መንገሻ ተዳረች። ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ በተባለበት በ1901 ዓ. ም. የራስ መንገሻን ልጅ ሮማነወርቅን፥ ገና ሕፃን ሳለች፥ አጋቡት። በዚህ ዐይነት የሸዋም የትግሬም አልጋ ከብጡል ቤት ጋራ ተሳሰረ።

ምኒልክ በሕመም ሲተኙ እቴጌ ሹም ሽሩን በእጃቸው ያዙ። መኳንንቱም ዘመድ አበዙ ብለው አጉረመረሙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ. ም. ተማክረው ከሥልጣን አወጧቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የዘመድ ሥራ ሲነቀፍ የምንሰማ እኛ ወጣቶች ይህን ክስ ቶሎ ለማመን እንቸኩላለን። ከሳሾቹ ራሳቸው ግን ወንድምና አማች ያልሾሙ ሰዎች አልነበሩም። የጣይቱ ጥፋት ሆኖ የታየው ዘመድ መሾማቸው ብቻ ሳይሆን፥ ሴት ሆነው፥ ያውም የሸዋ ተወላጅ ሳይሆኑ መሾማቸው ይመስለናል። ለዚህም ምልክት አለ። በማግሥቱ ወር በሚያዝያ 1902 ዓ. ም. የኢያሱና የሮማነወርቅ ጋብቻ ፈርሶ፥ ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገባ። ዘመድን በጋብቻ ማሰባሰቡ አልቀረም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ሲያርፉ እቴጌ ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ. ም. እዚያው ዐረፉ። ያን ጊዜ ዘውዲቱ ነግሠው ነበር፤ ባላቸውን ራስ ጉግሣን ግን እንዲፈቱ ተደርገው፥ ራሱ ወደ በጌምድር ግዛት ተልኮ ነበር። ራስ ጉግሣ በ1922 ዓ. ም. ጦር አንሥቶ መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ፥ አውሮፕላን ቦምብ በጣለበት ውጊያ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ዘውዲቱም አረፉ። የእቴጌ ጣይቱ ዐፅም ከእንጦጦ ወርዶ በአዲስ አበባ በበአታ ለማርያም በባላቸው አጠገብ ዐርፏል፤ ዘውዲቱም የተቀበሩት በዚያው ነው።