አኻያ የመዘነው ሐኪም

ተክል የሚበላው አፈር ነው የሚለውን አባባል እኛ የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው ስንዘዋወር ዛሬም እንሰማዋለን። ይህንኑ በሚዛን የፈተነው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት በብራስልስ የተወለደ ሐኪም ነበር። በጻፈው ጽሑፍ የተነሳ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ጋር ተጋጭቶ እ.ኤ.አ. በ1634 ታስሯል፤ በኋላም በቁም እስር ቆይቷል።

ቫን ሄልሞንት በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ (90 ኪሎ ገደማ) አፈር በሸክላ ዕቃ ሞልቶ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። አቧራ እንዳይገባ የዕቃውን አፍ በተበሳሳ ቆርቆሮ ከደነው። ለ5 ዓመት ያጠጣት ውሃ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዛፏ 169 ፓውንድ ሆነች፤ አፈሩ ደርቆ ሲመዘን የጎደለው ግን 60 ግራም ያህል ብቻ ነበር።

እሱም ዛፏ የተሠራችው ከውሃ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚገርመው፣ ጋዝ የሚለውን ቃል የፈጠረው እሱ ራሱ ነው፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣውንም ጋዝ አጥንቷል። ይህ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቅጠል ከአየር ወስዶ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውሃ ጋር በማዋሃድ ምግቡን ይሠራበታል። ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም። የጎደለችውን 60 ግራምም ከቁም ነገር አልቆጠራትም፤ እኛ በማዳበሪያ የምንተካው ግን እንዲህ ከአፈር የሚወሰደውን ጥቂት ማዕድን ነው።

ቫን ሄልሞንት በ1644 ሞተ፤ ሥራዎቹን ልጁ በ1648 አሳተመለት። የብርሃንን ድርሻ ያን ኢንገንሃውስ የተባለ ሌላ ሐኪም በሙከራ ያሳየው በ1779 ነው።