ዝምተኛው ባለአክሲዮን፤ የአይዛክ ዋልተን ኪላም የሕይወት ታሪክ

በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በሃሊፋክስ ከተማ ልጅ የታመመበት ወላጅ ሁሉ የሚሮጥበት አንድ ሆስፒታል አለ። ሕዝቡ ሆስፒታሉን የሚጠራው በሦስት የፈረንጅ ፊደላት፥ አይ ደብልዩ ኬ እያለ ነው። ፊደላቱ አይዛክ ዋልተን ኪላም የተባለ ሰው ስም መነሻዎች ናቸው። ሰውየው ግን ሐኪም አልነበረም፤ ልጅም አልወለደም፤ የሆስፒታሉን ሕንፃም በዓይኑ አላየም። ስሙን ያቆመለት ገንዘብ የተገኘው ከወንዝ ውሃ፥ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፥ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ ከአክሲዮንና ከብድር ወረቀት ነበር። በአገራችን በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአክሲዮን መሸጫና መግዣ ገበያ ስለ ተከፈተና ብዙ ሰውም ስለ አክሲዮን ማኅበር ትርፍ መጠየቅ ስለ ጀመረ፥ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኪላም የተወለደው በጁላይ 23 ቀን 1885 ዓ.ም. ኖቫ ስኮሺያ በተባለው ጠቅላይ ግዛት በያርማውዝ ከተማ ነው። ያርማውዝ በእንጨት መርከቦችዋ የታወቀች ወደብ ነበረች፤ የኪላምም ቤተ ዘመድ ከባለመርከቦቹ ወገን ነበር። ነገር ግን እርሱ ነፍስ በሚያውቅበት ጊዜ በእንፋሎት የሚሄደው የብረት መርከብ የባለሸራውን ገበያ ወስዶበት ስለ ነበር፥ ከቤተ ዘመዱ የወረሰው ከሀብቱ ይልቅ ስሙን ነው። መጠሪያው ራሱ የተውሶ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ዓሣ ማጥመድ ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊ አይዛክ ዋልተን ይባል ስለ ነበር ልጁ በእርሱ ስም ተሰየመ። በልጅነቱ ጋዜጣ ይሸጥ ነበር። ይህም ሲባል እንደ ማንኛውም ልጅ እየዞረ በመጮህ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሳይቆይ የሌሎቹን ልጆች መንገድ በእጁ አግብቶ እነርሱን በሥሩ አሰማርቶ ነበር ይባላል።

ትምህርቱን ብዙ ሳይገፋ በአንድ የሃሊፋክስ ባንክ በጸሐፊነት ተቀጠረ። የሕይወቱን መንገድ የወሰነለትን ሰው ያገኘውም በዚያው በሃሊፋክስ ነው። ይህ ሰው ማክስ ኤትከን ይባላል፤ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ሎርድ ቢቨርብሩክ የተባለው፥ የታላላቅ ጋዜጦች ባለቤትና በ1940 የአውሮፕላን ሥራ ሚኒስትር የነበረው ነው። ኤትከን በ1903 ከሃሊፋክስ ነጋዴዎች ጋር ሆኖ ሮያል ሴኩሪቲስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኪላምም ገና በወጣትነቱ የዚህ ኩባንያ ሻጭ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ አይገናኙም ነበር። ኤትከን ተናጋሪ፥ ቀልደኛ፥ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚዘል ሲሆን፥ ኪላም ረጅም፥ ቀጭን፥ ቃሉ እንደ ወርቅ የሚቈጠር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ዝምተኛ እንዴት ሻጭ ሊሆን ቻለ ብለን እኛም ተደንቀናል። ምናልባት ገንዘቡን ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ሰው ብዙ ከሚናገር ይልቅ ጥቂት የሚናገረውን ያምን ይሆናል።

የሚሸጡት ነገር ምን እንደ ነበር ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በአንድ ከተማ አጠገብ ፏፏቴ አለ እንበል። አቋቋሚዎቹ ከከተማው ሹማምንት ፈቃድ ይቀበሉና ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ማኅበሩም ሦስት ዓይነት ወረቀት ያወጣል። የመጀመሪያው የብድር ወረቀት ነው፤ ወለዱ የተቈረጠ፥ ንብረቱም መያዣ የሆነለት ነው። ሁለተኛው ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ነው፤ ከሌሎቹ በፊት በዓመት የተወሰነ ድርሻ ይከፈለዋል። ሦስተኛው ተራ አክሲዮን ነው፤ ሁሉም ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የተረፈውን ይወስዳል፤ ምንም ካልተረፈም ባዶ እጁን ይቀራል። የሃሊፋክስና የሞንትሪያል ሐኪሞች፥ ቀሳውስት፥ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይዛዝርት የሚገዙት ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ነበር፤ የሚፈልጉት በየጊዜው ሳይዛነፍ የሚመጣ ገቢ ነውና። ሦስተኛው ወረቀት ግን አንዳንዴ ለገዢው እንደ ምርቃት ይጨመርለታል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአቋቋሚዎቹ እጅ ይቀራል። ከተማው ካደገና መብራት የሚያስገባው ሰው ከበዛ ግን የዕድገቱ ፍሬ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ወደ ተናቀው ወረቀት ነው። ኪላም ይህን ገና ከጥዋቱ የተረዳ ይመስለናል።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሒሳብና ወንዙ የሚያውቀው ሒሳብ ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑንም አይቷል። በ1909 ኤትከን ካልጋሪ ፓወር የተባለውን የኤሌክትሪክ ኩባንያ አቋቋመ። በ1911 በምዕራብ ካናዳ በቦው ወንዝ ላይ ሆርስሹ በተባለው ፏፏቴ የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን በብርዱ ወራት የወንዙ ውሃ በበረዶ ተይዞ ስለሚቀጥን፥ መብራት እጅግ በሚፈለግበት በዚያ በጨለማው ጊዜ ቱርቢኑን የሚያዞረው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ በ1912 ሚኒዋንካ የተባለውን ሐይቅ ገድቦ ውሃ ማጠራቀም፥ በ1913 ደግሞ በካናናስኪስ ፏፏቴ ሁለተኛ ጣቢያ መጨመር ግድ ሆነ። ጣቢያዎቹ የቆሙበት ምድር የስቶኒ ናኮዳ ነገዶች ይዞታ ነበር፤ በሐይቁም ዳር የነበረው የመዝናኛ መንደር ውሃው በ1912 ሲነሣ በከፊል፥ ግድቡ በ1941 ለጦርነቱ ሥራ እንደ ገና ከፍ ሲል ደግሞ ፈጽሞ ሰጠመ። ዛሬ ጠላቂ ዋናተኞች የመንደሩን መሠረት ለማየት ይወርዳሉ። ወለዱን የሚቀበለው ሰው ይህን ሁሉ አያየውም።

ኤትከን ወደ እንግሊዝ ከተሻገረ በኋላ ኪላም በ1915 የሮያል ሴኩሪቲስ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1919 ደግሞ የኤትከንን ድርሻ ገዝቶ ባለቤት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ከወረቀት ሻጭነት ወደ ወረቀት ያዥነት ተለወጠ። ለሕዝቡ የብድር ወረቀቱን ይሸጣል፤ ተራ አክሲዮኑን ያስቀራል። ኢንተርናሽናል ፓወር በተባለው ኩባንያው በኩል የቦሊቪያን ከተማ የላ ፓዝን፥ የቬኔዝዌላን ከተማ የማራካይቦን፥ የኤል ሳልቫዶርን ዋና ከተማ የሳን ሳልቫዶርን፥ በዛሬዋ ጋያና የጆርጅታውንን መብራት በእጁ አገባ። በሞንትሪያል የሚኖር አንድ ዝምተኛ ሰው አይቷቸው በማያውቃቸው ብዙ ሺህ ቤቶች ውስጥ አምፖል በበራ ቍጥር ድርሻ ነበረው ማለት ነው። ይህም ሁልጊዜ አልቀናለትም። በፖርቶ ሪኮ የነበረውን የኤሌክትሪክ ድርጅት በ1940ዎቹ መንግሥት ወሰደው።

በ1929 መጨረሻ የኒውዮርክ ገበያ ሲወድቅ ኪላም በጣም በሚያስፈራ ቦታ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በትውልድ ጠቅላይ ግዛቱ፥ በመርሲ ወንዝ አፍ ላይ፥ መርሲ ፔፐር የተባለው ታላቅ የጋዜጣ ወረቀት ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። የጋዜጣ ወረቀት ዋጋ ሲወርድና ገዢ ሲጠፋ አዲስ ፋብሪካ መክፈት ምን ያህል እንደሚያሳስብ መገመት አያዳግትም። በቺካጎ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን አንዱን በሌላው ላይ እንደ ክምር የቈለለው ሳሙኤል ኢንሰል በ1932 ሲወድቅ፥ ያጠራቀሙትን ያጡት ባለአክሲዮኖች እጅግ ብዙ ነበሩ። ኪላም ግን አልወደቀም። የኢንሰል የላይኛው ኩባንያ ገቢ ከታችኛው ኩባንያ በሚመጣ የትርፍ ድርሻ ላይ፥ እርሱም ደግሞ ከእርሱ በታች ባለው ላይ የቆመ ነበር። የኪላም ወረቀት ከግድቡ ያን ያህል አልራቀም፤ ባለቤቱም ነገ ለመሸጥ የሚቸኩል አልነበረም። ካልጋሪ ፓወር በ1929 ጎስት የተባለውን ጣቢያ፥ በ1942 ካስኬድን፥ በ1947 ባሪየርን እያለ አንዱን ግድብ በሌላው ላይ ሲጨምር ኖረ።

እዚህ ላይ ከሰውየው ዘመን አልፈን በዚያው በካናዳ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የሆነውን ብንናገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የነዳጅ፥ የጋዝ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ድርጅቶች የገቢ ትረስት በሚባል አዲስ መልክ መቋቋም ጀመሩ። ትረስቱ የሚያገኘውን ገቢ ከሞላ ጎደል ሁሉ ለባለድርሻዎቹ ያከፋፍላል፤ ስለሚያከፋፍልም ድርጅቱ ራሱ የኩባንያ ግብር አይከፍልም። ብዙዎቹ በየወሩ ይከፍሉ ነበር፤ ከነዳጅ ትረስቶቹም በዓመት ከመቶ አሥርና ከዚያ በላይ የሚሰጡ ነበሩ። ጡረተኞች ይህን ሲያዩ ያጠራቀሙትን አምጥተው ገዙ። በካልጋሪ ፓወር እግር የተተካው፥ ከ1981 ወዲህ ትራንስአልታ የሚባለው ኩባንያም በ1998 ገቢውን የሚያከፋፍል ሽርክና አቋቁሞ ድርሻውን ለሕዝብ ሸጠ፤ ይህም በ2007 ለሆንግኮንግ ባለሀብቶች ተላለፈ።

ነገር ግን የነዳጅ ጕድጓድ እንደ ወንዝ አይደለም፤ በተቀዳ መጠን ይጐድላል። ሁሉን እያከፋፈለ አዲስ ጕድጓድ የማይቈፍር ድርጅት ለባለድርሻው ወለድ የሚሰጥ ይምሰል እንጂ ዋናውን ራሱን ቈንጥሮ መመለሱ ነው። ከመቶ አሥር የሚቀበለው ጡረተኛ ስንቱ ፍሬ፥ ስንቱ ግንድ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነበረበት፤ ብዙው አልለየም። የመጣው መዓት ደግሞ ከሌላ በኩል ነበር። የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ በ2006 ምርጫ ጊዜ በትረስቶች ላይ ግብር እንደማይጥል ቃል ገብቶ ነበር። ትላልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ወደ ትረስት እንደሚለወጡ ባስታወቁ ጊዜ ግን፥ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጂም ፍላኸርቲ በኦክቶበር 31 ቀን 2006 ማታ ከ2011 ጀምሮ ግብር እንደሚጣል ተናገሩ፤ መጠኑም ከመቶ 31 ተኩል ነበር። በማግሥቱ የትረስቶቹ ዋጋ በጠቅላላው ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ ወረደ። መንግሥት የግብሩን ቀዳዳ መድፈኑ አይነቀፍም፤ ቃሉን አምኖ ጥሪቱን ላስቀመጠ ሽማግሌ ግን ይህ መጽናኛ አይሆነውም። ኪላም ገቢው ይህን ያህል ቢሆንልኝ ብሎ አልገዛም፤ ሌላው የዛሬን ገቢ ሲፈልግ እርሱ ነገ የሚተርፈውን ያዘ። ለዚህ ግን ችሎታም፥ ዕድሜም፥ የሌላ ሰው ገንዘብም ነበረው፤ ጡረተኛው እነዚህ ሦስቱም የሉትም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1948 የአልበርታ ጠቅላይ ግዛት ሕዝብ ኤሌክትሪክ የመንግሥት ይሁን ወይስ በኩባንያዎች እጅ ይቈይ ተብሎ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ወደ 280 ሺህ የሚጠጋ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ኩባንያዎቹ ያሸነፉት በ151 ድምፅ ብቻ ነው። እንደዚያ ያለውን ሌሊት ምን ብሎ እንዳሳለፈው ኪላም ለማንም የተናገረ አይመስለንም። በቶሮንቶ የሚታተመውን ሜይል ኤንድ ኤምፓየር የተባለውን ታላቅ ጋዜጣ ከ1927 እስከ 1936 ድረስ በባለቤትነት ሲይዝ እንኳ ስለ ራሱ እንዲጻፍ አልወደደም። በሸጠው ጊዜ ጋዜጣው ግሎብ ከተባለው ጋር ተዋሕዶ ግሎብ ኤንድ ሜይል ሆነ።

በ1922 ያገባት ዶሮቲ ጆንስተን የአሜሪካ ተወላጅ ስትሆን በጠባይዋ የእርሱ ተቃራኒ ነበረች። በወጣትነቷ በዋና ውድድር የታወቀች፥ ግብዣና ዕንቍ የምትወድ፥ የቤዝቦል ጨዋታ ከሁሉ የሚያስደስታት ሴት ነበረች። እርሱ ያለቅጥ የሚወደው አንድ መዝናኛ በስሙ የተጻፈለት ነው፤ ዓሣ ማጥመድ። በኦገስት 1955 በ70 ዓመቱ ያረፈውም ኩቤክ ውስጥ በካስካፔዲያ ወንዝ ዳር ባለው የዓሣ ማጥመጃ ቤቱ ነው።

ከአገሩ ሀብታሞች የመጀመሪያው ነው ይባል የነበረው ይህ ሰው ሲሞት መንግሥት ከሀብቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል የውርስ ግብር ተቀበለ። ጥቂት ወራት ቈይቶ የብረት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ሰር ጄምስ ደን ሲሞት ከእርሱም ሀብት እንዲሁ ብዙ ገንዘብ ገባ። የጠቅላይ ሚኒስትር ሉዊ ሳን ሎራን መንግሥት ይህን ያልታሰበ ገንዘብ በዓመቱ ወጪ ውስጥ ከመቀላቀል ይልቅ በ1957 የካናዳን የኪነ ጥበብና የምርምር ምክር ቤት አቋቋመበት፤ ከ100 ሚሊዮኑ ዶላር ግማሹ ለምክር ቤቱ መቋቋሚያ፥ ግማሹ ለዩኒቨርሲቲዎች ሕንፃ ተመደበ። ሠዓሊዎችና የቲያትር ሰዎች የሚረዱበት ድርጅት መነሻው አንድ ሰው ቲያትር በመውደዱ ሳይሆን በግብር መሆኑ ያስደንቃል።

ከግብሩ የተረፈው ለሚስቱ ደረሰ። በዕንቍዋ ሲያሟት የነበሩ ሰዎች ገንዘቡን በጥቂት ዓመት ትጨርሰዋለች ብለው ሳይሆን አልቀሩም፤ እርሷ ግን እጥፍ ያህል አደረገችው። በ1965 በደቡብ ፈረንሳይ ላ ሌዮፖልዳ በተባለው ቤቷ ስታርፍ ኑዛዜዋ ተከፈተ። አብዛኛው ሀብት ለሃሊፋክሱ የልጆች ሆስፒታል፥ በሞንትሪያል ለነርቭ በሽታዎች ምርምር ተቋም፥ ለምክር ቤቱ፥ እንዲሁም በሃሊፋክስ፥ በአልበርታና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈለ። ዋናው ገንዘብ እንዳይነካ፥ ለተማሪዎች የሚሰጠው ከገቢው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። መርሲ ፔፐር በ1956 ለሌላ ኩባንያ ተሸጦ በ2012 ተዘጋ፤ ሆርስሹ ላይ በ1911 የተተከለው ጣቢያ ግን እስከ አሁን ኤሌክትሪክ ያመነጫል።