ቁጥርን ለሕፃናት እጅ ያስጨበጡት ሐኪም
የዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ሕይወት

በመዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ጠዋት የሚያልፍ ሰው ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ከአንድ እስከ ሃምሳ፣ አንዳንዴም እስከ መቶ ሲቆጥሩ ይሰማል። ዜማው ደስ ያሰኛል፤ ወላጅም ልጄ ተማረልኝ ብሎ ይረካል። ነገር ግን ከእነዚሁ ሕፃናት አንዱን ከጆንያው ሰባት የበቆሎ ፍሬ አምጣ ቢሉት ብዙ ጊዜ እፍኙን ሞልቶ ይመጣል። ቃሉን ያውቃል፤ ብዛቱን አያውቅም። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ መደመርና መቀነስ የሚቆሙት በቃሉ ላይ ሳይሆን በብዛቱ ላይ ነውና ይህ ጉድለት እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ በባኮና በአካባቢዋ ሕፃናትን ለሚያስተምሩ ሁሉ፣ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ጭምር፣ በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙትን የአንዲት ካቶሊካዊት ሐኪም ታሪክ በዚህ እትማችን ማቅረብ መልካም ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማሪያ ሞንቴሶሪ የተወለዱት በኢጣሊያ አገር በአንኮና አውራጃ፣ ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኦገስት 31 ቀን 1870 ነው። አባታቸው አሌሳንድሮ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናታቸው ሬኒልዴ ስቶፓኒ ንባብ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ሮማ ከተዛወረ በኋላ ማሪያ፣ የዚያ ዘመን ሰው ለወንዶች ብቻ የተገባ አድርጎ ይመለከተው ወደነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ወደዚያ የሳባቸውም የሒሳብ ፍቅር ነበር። አባታቸው ልጃቸው መምህርት እንድትሆን ይመኙ ነበር። ልጅቱ ግን ከመምህርነት በቀር ማንኛውንም ሥራ ለመያዝ ቆርጣ ነበር፤ የእግዚአብሔር መንገድ ከሰው አሳብ ምን ያህል እንደሚለይ ከዚሁ መገመት ይቻላል። ወደ ሮማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሕክምና ትምህርት ሲከታተሉ፣ ከወንዶች ጋር ሆኖ ሬሳ መመርመር ለሴት ነውር ነው ስለተባለ፣ ያን ትምህርት ማታ ማታ ብቻቸውን ይማሩ ነበር። በጁላይ 1896 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ። በዚያው ዓመት ማርች 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የአድዋ ድል ሆኖ ወሬው ሮማን በሁከት አናውጦ፣ የክሪስፒም መንግሥት ወድቆ እንደነበር አንባብያን ያስታውሳሉ።

ወጣቷ ሐኪም በሮማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ሲያገለግሉ፣ የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናት ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ምንም ዕቃ በሌለበት ባዶ ክፍል ተዘግተው አገኙ። ሕፃናቱ ምግብ በልተው ሲጨርሱ ወለል ላይ ወድቀው ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር። ጠባቂዎቹ ይህን ሆዳምነት አድርገው ይጸየፉት ነበር። ዶክተር ማሪያ ግን ሌላ ነገር አዩ፤ በክፍሉ ውስጥ በእጅ የሚያዝ ነገር ከዚያ ፍርፋሪ በቀር አልነበረምና የተራበው ሆድ ሳይሆን እጅ መሆኑን ተረዱ። በኋላ ስለ ሕፃናት ያስተማሩት ሁሉ ከዚህች ማስተዋል የፈለቀ ይመስለናል። ከእርሳቸው በፊት በእንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የደከሙትን የሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ የኢታርንና የሴጌንን መጻሕፍት በጥልቀት አጠኑ። በ1900 ለእነዚህ ሕፃናት መምህራን የሚያሠለጥን ተቋም በሮማ ሲከፈት ከባልደረባቸው ከዶክተር ጁሴፔ ሞንቴሳኖ ጋር መሩት። ደካማ የተባሉት ልጆች ንባብና ጽሕፈት ተምረው ከመደበኛው ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ለፈተና ቀርበው አለፉ። ሕዝቡ ተደነቀ። እርሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ደካሞቹ ከጤነኞቹ ጋር እኩል ከሆኑ ጤነኞቹን ወደ ታች የያዛቸው ምን ይሆን የሚለው ጥያቄ ነበር።

በሕይወታቸው ውስጥ ከባድ የሆነውንም መሸሸግ አይገባንም። በማርች 1898 ከዶክተር ሞንቴሳኖ ልጅ ወለዱ፤ ጋብቻ ግን አልነበረም። ማሪዮ የተባለው ሕፃን በገጠር ለሞግዚት ተሰጥቶ አደገ። ወደ እናቱ የመጣው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን በሰው ፊት የወንድም ልጅ ወይም የጉዲፈቻ ልጅ እየተባለ ኖረ። የዓለምን ሕፃናት ያስተማሩ እናት የራሳቸውን ልጅ የሕፃንነት ዘመን አላዩም። የዘመኑ ኅብረተሰብ ያላገባች እናትን ከሥራዋም ከክብሯም ያወርዳት እንደነበር እናውቃለን፤ ቢሆንም የሕፃኑ ኀዘን በዚህ የሚቀንስ አይሆንም።

ዝነኛው ሥራቸው የተጀመረው ጃንዋሪ 6 ቀን 1907፣ በላቲን ሥርዓት የክርስቶስ መገለጥ በሚታሰብበት ዕለት፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የሮማ ድሆች ሠፈር ነው። አንድ የቤት ኩባንያ በሠፈሩ የነበሩትን ሕንፃዎች አድሶ ድሆችን አስገባ፤ ወላጆች ለቀን ሥራ ሲወጡ ግን ለትምህርት ያልደረሱ ልጆቻቸው ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሹ ጀመር። ኩባንያው ለግድግዳው ብሎ ልጆቹን የሚሰበስብ ሰው ፈለገ። ዶክተር ማሪያ ከ50 የሚበልጡ ሕፃናትን በአንድ ክፍል ተረከቡ፤ ስሙም የልጆች ቤት ተባለ። የመምህርነት ሥልጠና የሌላት አንዲት ሴት ረዳት ሆነች። ይህም ጠቀመ እንላለን፤ ያልሠለጠነችው ረዳት ዝም ብላ ማየት ትችል ነበርና። አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸውን የእንጨት ቁራጮች በየቀዳዳቸው እየሰካች ስታወጣ፣ ሌሎቹ ልጆች በዙሪያዋ እየዘመሩ እንኳ ቀና ሳትል ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው፤ ስትጨርስም ዕረፍት ካገኘ ሰው እንደሚነሣ ደስ ብሏት ተነሣች።

ወደ ቁጥር እንመለስ። ዶክተር ማሪያ ሕፃናትን መቁጠር ሲያስተምሩ ከቃል አልጀመሩም። ዐሥር ብትሮች አዘጋጁ፤ አንደኛው 10 ሳንቲሜትር፣ ሁለተኛው 20፣ እንዲህ እያለ ዐሥረኛው አንድ ሜትር ነው። በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይፈራረቅበታል። ጠጠር ለመቁጠሪያ አይበቃምን የሚል አይጠፋም። ሰባት ጠጠሮች ግን ለሕፃን ዓይን ሰባት ጊዜ አንድ ናቸው፤ ሰባት የሚለው ስም ለመጨረሻው ጠጠር ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል። የሰባት ብትር ግን አንድ ነገር ሆኖ ሰባትነቱን ሙሉውን ይይዛል፤ ከስድስት እንደሚረዝም፣ ከስምንት እንደሚያጥር ክንዱ ይነግረዋል። በሦስቱ ብትር ጫፍ ላይ ሰባቱን ሲቀጥል ከዐሥሩ ጋር እኩል ሆኖ ያገኘዋል፤ መደመርን ሳያውቀው ደመረ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ብትር የባኮ አናጢ ከባሕር ዛፍ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ስሞቹንም ሲያስተምሩ የሴጌንን ሦስት ደረጃ ይከተሉ ነበር፤ መጀመሪያ ይህ ሁለት ነው ብሎ መስጠት፣ ቀጥሎ ሁለትን አምጣ ብሎ ማዘዝ፣ በመጨረሻም ይህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ በሁለተኛው ቢሳሳት አይታረምም፤ ትምህርቱ ለሌላ ቀን ይቆያል። ብዙዎቻችን በሦስተኛው ጀምረን ልጁን እናሳፍረዋለን።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ይመጣል። አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት በሚሉት ሸካራ ወረቀት የተቆረጡ አኃዞችን ልጁ በጣቱ እየዳበሰ ቅርጻቸውን ያጠናል። ቀጥሎ ከዜሮ እስከ 9 የተጻፈባቸው ክፍልፋዮች ያሉት ሣጥንና 45 እንዝርቶች ይሰጡታል። እንዝርት ማለታችን እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበትን ዓይነት ነው። በ1 ክፍል አንድ፣ በ2 ክፍል ሁለት እያለ አስገብቶ ሲጨርስ እጁ ባዶ ይሆናል፤ የዜሮም ክፍል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዜሮን እንዲህ ማየት ለሕፃን ትልቅ ነገር ነው፤ ሊቃውንቶቻችን በተጠቀሙበት በግእዝ አኃዝ እንኳ ለዜሮ ምልክት አልነበረውም። ዶክተር ማሪያ ሕፃናቱን ዜሮ ጊዜ ወደ እኔ ኑ፣ ዜሮ ጊዜ ሳሙኝ እያሉ ያጫውቷቸው ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ሮጠው ይመጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ግን በየቦታቸው ቁጭ ብለው ይስቃሉ።

ከዐሥር በላይ ያለው ቁጥር በወርቃማ ዶቃ ይማራል። አንድ ዶቃ አንድ ነው፤ ዐሥር ዶቃ በሽቦ ተሰክቶ ዐሥር ይሆናል፤ ዐሥር ሽቦ ተያይዞ መቶ የያዘ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ዐሥር ጠፍጣፋም ተደራርቦ ሺህ ይሆናል። ሕፃኑ በአንድ እጁ አንዷን ዶቃ፣ በሌላው ሺሁን ሲይዝ ልዩነቱን ክብደቱ ይነግረዋል። በዚህ ላይ ልጆቻችን ከኢጣሊያ ልጆች የሚበልጡበት ዕድል አላቸው። የኢጣሊያ ልጅ 11ን ኡንዲቺ ይላል፤ ቃሉ ውስጥ ዐሥር መኖሩን ልብ ለማለት ይቸገራል። በኦሮምኛ ግን ኩዸ ቶኮ፣ በአማርኛ ዐሥራ አንድ ነው፤ ዐሥሩም አንዱም ይሰማል። በግእዝም ፲፩ ሲጻፍ ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ይታያሉ። በ11 ላይ ግን ሁለት አንዶች ጎን ለጎን ቆመው የፊተኛው ዐሥር ነኝ ይላልና ልጁ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሴጌን 10 በተጻፈበት ሰሌዳ ዜሮዋን የምትሸፍን ትንሽ ሰሌዳ አበጀ፤ 1 የተጻፈባት ሰሌዳ ዜሮዋን ስትሸፍን 11 ይሆናል፣ ሲያነሣትም ዐሥሩ ከሥር ይገለጣል።

ዶቃ ያጣ መምህር በባኮ በቆሎ አያጣም። በ1993 የወጣው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል ዘር ስሙን የያዘው ከዚህችው ከተማ ነው። ዐሥር ፍሬ በክር፣ መቶ ፍሬ በከረጢት ቢሰናዳ የዶቃውን ሥራ ይሠራል። የበቆሎ ራስ ተፈልፍሎ ሳያልቅ የፍሬው መስመሮች ቢቆጠሩ ደግሞ 12 ወይም 14 ወይም 16፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሙሉ ቁጥር ይሆናሉ እንጂ ጎዶሎ አይሆኑም፤ ለሙሉና ለጎዶሎ ትምህርት ከዚህ የበለጠ መሣሪያ የለም። ጥንቃቄው ግን ሁለት ነው። ለዘር የተዘጋጀ፣ መድኃኒት የተቀባ በቆሎ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ጤናማውም ፍሬ ቢሆን ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ይገባልና በመምህር ዓይን ሥር ይሁን፣ ሲሰበሰብም ይቆጠር።

የሳን ሎሬንዞ ወሬ ቶሎ ተሰማ። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1909 ታተመ፤ በ1913 አሜሪካን ጎበኙ፤ ከዚያም በባርሴሎና ብዙ ዘመን ተቀመጡ። በዚያ ለሕፃናት ተብላ በተሰናዳች ጸሎት ቤት ልጆቹ ስንዴና ወይን ራሳቸው ተክለው፣ ምርቱን ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ያቀርቡ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ልብ ይበሉ፤ በ1954 ሶፊያ ካቫሌቲ በሮማ የጀመሩት የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስም ከዚሁ ዘር የበቀለ ነው። ስለ ሒሳብ ትምህርት የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ በ1934 በዚያው በባርሴሎና ታተመ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ከ1924 ጀምሮ ሙሶሊኒ ለሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ሰጠ፤ ዶክተር ማሪያም ተቀበሉት። የትኛውም መንግሥት ይሁን፣ ሕፃናቱ ከተጠቀሙ ይበቃል ብለው አስበው ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ይህን ውሳኔ ልናመሰግነው አንችልም። አገዛዙ ከትምህርት ቤቶቹ ታዛዥ ወታደር ሲፈልግ፣ ራሱ መርጦ የሚሠራና ራሱን የሚያርም ልጅ የሚያሳድገው ትምህርት አልስማማ አለ። በ1933 ከድርጅቱ አመራር ለቀቁ፤ በ1934 ከኢጣሊያ ወጡ፤ ትምህርት ቤቶቻቸውም ተዘጉ። በኦክቶበር 1935 የዚያው ሰው ሠራዊት አገራችንን ወርሮ በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። መምህራን ዘዴውን ሲቀበሉ ይህንንም አብረው እንዲያውቁ እንሻለን።

በ1936 በስፔን ጦርነት ሲነሣ ወደ ሆላንድ፣ በ1939 ወደ ሕንድ ሄዱ። በ1940 ኢጣሊያ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ እንግሊዞች ማሪዮን አሰሩት፤ እናቱ 70 ዓመት በሞላቸው ዕለት ግን ተፈታላቸው። እስከ 1946 በሕንድ ተቀምጠው ከአንድ ሺህ በላይ መምህራን አሠለጠኑ። በ1949፣ በ1950 እና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተው ነበር። በ81 ዓመታቸው፣ ኋላ ጋና ወደተባለችው ወደ ጎልድ ኮስት ሄደው መምህራንን ለማሠልጠን ያስቡ ነበር። ሆኖም ሜይ 6 ቀን 1952 በሆላንድ የባሕር ዳር ከተማ በኖርድዋይክ ዐርፈው በዚያው በካቶሊካውያን መካነ መቃብር ተቀበሩ። በኑዛዜያቸውም ማሪዮን ልጄ ብለው ጠርተው ሥራቸውን አደራ ሰጡት።