ሐስኬል ካሪ፥ ስሙ ከሥራው የቀደመ ሊቅ

ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ የምናቀርበው አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ሐስኬል ካሪ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1900 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ሚሊስ በተባለች ከተማ ተወለደ። በ1916 ዓ.ም. ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ ዓመት አገሩ ወደ ጦርነት ስትገባ ወደ ሒሳብ ትምህርት ተዛወረ። በኋላም ኤሌክትሪክንና ፊዚክስን ቢያጠና፥ ልቡ ያረፈው በሎጂክ ላይ ነው።

የካሪ ምኞት የሎጂክን ሕጎች ከሁሉ ወደሚያንሱ ክፍሎች መተንተን ነበር። በ1927 ዓ.ም. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ግን፥ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ የነበረውን ሐሳብ ሞሰስ ሾንፊንኬል የተባለ ሩሲያ ተወላጅ በ1924 ዓ.ም. አሳትሞት አገኘ። ለአንድ ወጣት ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና አለ? ካሪ ግን ነገሩን አልሸሸገም፤ ተስፋም አልቈረጠም። ሾንፊንኬል ይሠራበት ወደነበረው ወደ ጀርመን አገር፥ ወደ ጌቲንገን ሄዶ ሐሳቡን አስፋፋ፤ በ1930 ዓ.ም. ዶክተር ሆነ። በጽሑፎቹም የቀደመውን ሰው ስም አነሣ።

ሐሳቡ ምንድን ነው? ፋንክሽን የተሰጠውን ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ ሕግ ነው። መደመር ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ 3ን ብቻ ብንሰጠው፥ በሚመጣው ቁጥር ላይ 3 የሚጨምር አዲስ ፋንክሽን ይመልስልናል፤ ለዚህኛው 5 ስንሰጠው 8 ይላል። እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ፋንክሽን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀበላል ማለት ነው። ካሪ በ1934 ዓ.ም. በዚህ ላይ የዓይነትን ነገር ጨመረበት፤ ይኸውም ፋንክሽን ምን ዓይነት ነገር ተቀብሎ ምን ዓይነት እንደሚመልስ መወሰን ነው።

የዚህ ጥቅም ከዘመናት በኋላ በኮምፒዩተር ታየ። ጽሑፍና ቁጥር አሰናድቶ የሚያወጣው ፕሪንትኤፍ የተባለው ፋንክሽን አንድ ጊዜ ሁለት፥ ሌላ ጊዜ አምስት ነገር ይቀበላል፤ ታዲያ ዓይነቱ እንዴት ይወሰን? በካሪ ስም በተሰየመው ሐስኬል በተባለው ቋንቋ መልሱ ተገኝቷል፦ አንድ ነገር በተቀበለ ቍጥር የሚመልሰው ወይ የመጨረሻውን ውጤት ወይ ሌላ ተቀባይ ፋንክሽን ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከእርሱ የሚፈለገው ዓይነት ነው።

ካሪ ከ1929 እስከ 1966 ዓ.ም. በፔንስልቬንያ ካስተማረ በኋላ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። ፋንክሽንን እንዲህ በየተራ ማስቀበል ዛሬ ካሪንግ ይባላል፤ የሾንፊንኬል ስም ግን እምብዛም አይነሣም። ስምን የሚያከፋፍለው ትውልድ ነው፤ የቀደመን ማመስገን ግን የእያንዳንዳችን ፈንታ መሆኑን ከካሪ እንማራለን።